የተሳቢ ፍሬን ኮንትሮለር፦ ለሐረጎ ቁልቁለት የትኛው ይሻላል?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ቁልቁለቱ ግን ቀላል አይደለም። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሞተር ታስነሳላችሁ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ታቆማላችሁ። መሀል ላይ ሐረጎ አለ። ባዶ መኪና ለያዘ ሰው ደስ የሚል መንገድ ነው። ተሳቢ ያሰረን ሰው ግን ተሳቢው በየኩርባው ከኋላ ይገፋዋል።

እኔ የሰርግ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አከራያለሁ። ጥር ላይ ሰርጉ ይበዛል፣ የመውሊድ ሰሞን ሌላ ሥራ አለ፣ ለቅሶ ደግሞ ወር አይመርጥም። ዕቃውን የምጎትተው በፕራዶ 150 ነው። ተሳቢዬ ባለ ሁለት አክስል ነው፣ ሲሞላ 1,600 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። አራቱም ጎማ የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው። ይህ ፍሬን የሚሰራው ግን መኪናው ውስጥ ኮንትሮለር፣ ማለትም ለተሳቢው ፍሬን ኤሌክትሪክ የሚልክ መሣሪያ፣ ሲኖር ነው። እስካሁን ሦስት ዓይነት በገዛ እጄ ገጥሜያለሁ፣ ሌላ አንድ ደግሞ በሰው መኪና ሞክሬያለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለፕራዶና ለመሰል አዲስ መኪና ሬዳርክ ቶው-ፕሮ ኤሊትን እመርጣለሁ። ለቆየ መኪና፣ አስፋልት ላይ ለሚውል፣ ተኮንሻ ፕሮዲጂ ፒ3 በቂ ነው፣ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ይበልጣል። በሰዓት ቆጣሪ የሚሰራውን ርካሹን ግን ለወሎ መንገድ አትግዙት። ምክንያቱን እነሆ።

ኮንትሮለሩ በምን ያውቃል?

ከተሳቢው ጎማ ጋር የሚሽከረከረው የፍሬን ታምቡር ውስጥ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ከሚሽከረከረው ታምቡር ጋር ይጣበቅና ክንዱን ይጎትታል። ክንዱ የፍሬን ሸራውን ወደ ውጭ ይገፋል። ብዙ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ብዙ ይይዛል፣ ትንሽ ሲመጣ ትንሽ። ስለዚህ ኮንትሮለር ስትመርጡ የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ አንድ ነው። ምን ያህል ኤሌክትሪክ መላክ እንዳለበት በምን ያውቃል?

ርካሾቹ፣ ለምሳሌ ከርት ቬንቸረር፣ አያውቁም። ፔዳል ስትነኩ የፍሬን መብራቱ ይበራል። ከዚያ ኮንትሮለሩ ቀድማችሁ ወደ ሞላችሁት መጠን ቀስ በቀስ ይወጣል። ፔዳሉን በጣት ነካ አደረጋችሁት ወይስ ፍየል ገብታባችሁ በሙሉ ኃይል ረገጣችሁት፣ ለእሱ ልዩነት የለውም። ሜዳ ላይ ትለምዱታላችሁ። ቁልቁለት ላይ ግን ሰው ፍሬን ደጋግሞ ነው የሚነካው። በነካችሁ ቁጥር ተሳቢው ያንኑ ያህል ይይዛል፣ ታምቡሩም ያንኑ ያህል ይግላል። እንዳይግል ብላችሁ መጠኑን ብትቀንሱት ደግሞ ድንገት ለመቆም ስትፈልጉ አይደርስላችሁም። መጀመሪያ የገዛሁት ይህንን ዓይነት ነበር። መግጠሙ እውነትም ቀላል ነው፣ ዘመም ብሎ ቢቀመጥም ችግር የለውም። ግን ሁለት ወር እንኳ አልተጠቀምኩበትም።

ሁለተኛው ዓይነት የመኪናውን መቀነስ የሚለካው ነው። በኃይል ስትረግጡ ብዙ ይልካል፣ በቀስታ ስትረግጡ ትንሽ። እዚህም ውስጥ ልዩነት አለ። ተኮንሻ ቮየጀር ውስጥ የሚወዛወዝ ፔንዱለም አለ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ በእጃችሁ ልኩን ማስተካከል አለባችሁ። ዋጋው ደህና ነው፣ አስፋልት ላይም ጥሩ ይሰራል። አንድ ወዳጄ ከወልድያ ወደ ላሊበላ በድሮው መንገድ ይዞት ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ፒስታው ላይ መኪናው በነጠረ ቁጥር ፔንዱለሙም አብሮ ይነጥራል። ፍሬን ይዘን ሳለ ተሳቢው ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ይለናል። ወገባችን ላይ ይሰማን ነበር።

ፕሮዲጂ ፒ3 እና ሬዳርክ ፔንዱለም የላቸውም፣ በኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ነው የሚለኩት። ልክ አስተካክሉልኝ አይሉም። እውነተኛው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መሀል ነው።

ፒ3 ወይስ ሬዳርክ?

ፒ3 ስክሪን አለው። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ተሳቢው መያያዙን ይነግራችኋል። ስንት ቮልት እየላከ እንደሆነ ያሳያል። የሆነ ቦታ ሾርት ካለ ያስጠነቅቃል። ለብቻው የሚሰራ አዲስ ሰው የሚፈልገው ይህንን ነው። ተሳቢው ከመኪናው ሲከብድ ፍሬኑ ቀደም ብሎ እንዲይዝ የሚያደርግ ቡስት የሚባል ነገርም አለው፣ በሦስት ደረጃ። እስከ አራት አክስል ይችላል። ሥራ ስትጨርሱ ከመያዣው ነቅላችሁ ቤት ማስገባት ትችላላችሁ። መኪናው መንገድ ዳር ለሚያድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ቦታው ነው። ሳጥን ስለሆነ ክሩስኮት ሥር፣ ጉልበታችሁ አጠገብ ይቀመጣል። ፊቱም ወደ መኪናው ጉዞ አቅጣጫ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙዎቹ ፕራዶ 150 ደግሞ መሪው ሥር የጉልበት ኤርባግ አላቸው። እዚያ ላይ ቪስ መብሳት አደገኛ ነው። ኤርባጉ በወጣ ጊዜ ያንን ሳጥን ይዞት እንደሚመጣ አስቡት። የወንድሜ ሀይላክስ የቆየ ስለሆነና እዚያ ቦታ ምንም ስለሌለው ፒ3ን ለእሱ ገጠምኩለት። እስካሁን አንድ ቀን አላስቸገረውም።

ሬዳርክ የአውስትራሊያ ሥራ ነው። ዋናውን ሳጥን ክሩስኮት ውስጥ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ትደብቁታላችሁ። ውጭ የሚታየው አንዲት ክብ ማዞሪያ ብቻ ናት። ፕራዶው ላይ ባዶ የማብሪያ ቦታ ስለነበረ ክዳኑን በስቼ እዚያ አስገባኋት። ከፋብሪካ የመጣች ትመስላለች። ለ12ም ለ24ም ቮልት መኪና ይሆናል።

ሬዳርክን እንድመርጥ ያደረገኝ ግን ሁለት ዓይነት አሠራር ያለው መሆኑ ነው። አንዱ እንደ ፒ3 የመኪናውን መቀነስ እየለካ ይልካል። ማዞሪያዋን ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትጫኗት ወደ ሌላው ይሄዳል። በዚህኛው ፔዳል ስትረግጡ እናንተ የሞላችሁትን ያህል ይልካል። «ታዲያ ይሄ ከርካሹ በምን ተለየ?» ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ አስፋልት ላይ አለመጠቀማችሁ ነው። ቁልቁል ፒስታ ላይ በአንደኛ ማርሽ ስትወርዱ መኪናው እየቀነሰ አይደለም፣ በአንድ ፍጥነት ነው የሚሄደው። የሚለካ ኮንትሮለር ያን ጊዜ የሚልከው ትንሽ ነው። እኛ ገጠር ውስጥ የሰርግ ቤት ስንሄድ የመጨረሻው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነው። እዚያ ላይ እቀይረዋለሁ፣ አስፋልት ስገባ እመልሰዋለሁ።

ጉድለቱም አለ። ስክሪን የለውም፣ በመብራት ቀለም ነው የሚያናግራችሁ። ስህተት ሲኖር ቴስተር ይዞ መፈለግ ነው። ከአራቱም በዋጋ ይበልጣል። ከገጠማችሁት በኋላም ራሱን እስኪያስተካክል ተሳቢ አስራችሁ ደጋግማችሁ ፍሬን መያዝ አለባችሁ።

ሽቦ መቁረጥ ለማይፈልግ ከርት ኤኮ አለ። የኋላው ሶኬትና የተሳቢው ስፒና መሀል ይሰካል፣ በስልክ ይታዘዛል። መኪና ለሚቀያይር ሰው አይከፋም። እኔ ግን ተሳቢው መወላወል ሲጀምር እጄ የሚሄደው ወደ ሬዳርኳ ማዞሪያ ነው፣ ስጫናት የተሳቢውን ፍሬን ብቻ ታስይዛለች። ያን ሰዓት ስልክ መፈለግ አልወድም።

ስለ መግጠሙ

ከኤኮ በስተቀር ሁሉም አራት ሽቦ ነው ያላቸው። ጥቁሩ ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ነጩ ወደ ማሳ፣ ቀዩ ወደ ፍሬን መብራት ማብሪያው፣ ሰማያዊው ወደ ኋላ፣ ወደ ተሳቢው። ለሰሜን አሜሪካ የተሰሩ አንዳንድ ቶዮታዎች ክሩስኮት ሥር ለዚህ የተዘጋጀ ሶኬት አላቸው። የእኔ አልነበረውም። ከሌላችሁ ከባትሪ እስከ ኋላ ድረስ ራሳችሁ መዘርጋት ነው፣ አንድ ቀን ይፈጃል።

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። አንዱ ማግኔት ከ3 አምፔር በላይ ይስባል፣ አራቱ አንድ ላይ ከ12 በላይ። ስለዚህ ለእኔ ዓይነቱ ተሳቢ ባትሪው አጠገብ 20 አምፔር የሆነ፣ ራሱን የሚመልስ ሰርኪዩት ብሬከር ይገባል። ለሦስት አክስል 30 ነው። ሽቦውን ስትገዙ ተጠንቀቁ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄዳችሁ «ወፍራም ሽቦ» ስትሉ የቤት ሽቦ ይሰጧችኋል። እሱ አንድ ድፍን ሽቦ ነው፣ መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን፣ የመኪና የሚባለውን፣ 6 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ግዙ። መጋጠሚያውን በናስትሮ ብቻ አትጠቅልሉ። በበጋ አስራችሁት ክረምት ሲመጣ ይዝጋል። ማሳውንም ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ አትሰሩት፣ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ውሰዱት።

ቀዩ ሽቦ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የፍሬን ማብሪያው ፔዳሉ ክንድ ላይ ነው ያለው። ከእሱ የሚወጣው ሽቦ ከአንድ በላይ ነው። እኔ 12 ቮልት ያሳየኝን የመጀመሪያውን ያዝኩ፣ ፔዳሉን ለቅቄ አልለካሁም። ሽቦው ለካ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ነበር። ኮንትሮለሩ ፔዳሉን ሙሉ ቀን እንደረገጥኩ ነው ያሰበው። መጠኑን ዝቅ አድርጌው ስለነበር ጎማው አልተቆለፈም። ወደ ሐይቅ እየሄድኩ መኪናው ከበደኝ። ከዚያ የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ወርጄ ሳይ ከአንዱ ጎማ ስስ ጭስ ይወጣል። መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጀሪካን ይዞ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ ውሃ ላፍስበት?» አለኝ። እግዜር ይስጠውና ልቡ ደግ ነው፣ ግን እጁን ያዝኩት። የጋለ ታምቡር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ ይሰነጠቃል። ስፒናውን ነቅለን አንድ ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን።

ስለዚህ ቴስተሩ ፔዳል ስትለቁ ዜሮ፣ ስትረግጡ 12 ማሳየት አለበት። ቁልፉ ጠፍቶም፣ በርቶም ለኩ። ሁለቱንም ካላያችሁ አትቁረጡ።

የኋላው ሶኬት ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። «ባለ 7 እግር» ስለተባለ ሁሉም አንድ አይደለም። የአሜሪካው ጠፍጣፋ እግር ያለው ለፍሬን የተለየ ቦታ አለው። የአውሮፓው ክብ ሶኬት ግን በስታንዳርዱ የኤሌክትሪክ ፍሬን መስመር የለውም። ከመግዛታችሁ በፊት ተሳቢው ላይ ያለውን ስፒና ፎቶ አንሱ። እግረ መንገዳችሁን ጎማው ጀርባ እዩ። ሁለት ሽቦ ከወጣ ፍሬኑ የኤሌክትሪክ ነው። ከአውሮፓ የመጡት ትናንሽ ተሳቢዎች ብዙዎቹ መጎተቻው ጫፍ ላይ በሚገፋ ዘንግና በካቦ ነው ፍሬን የሚይዙት። ለእነሱ ኮንትሮለር አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ተሳቢው ድንገት ቢፈታ ፍሬኑን የሚያስይዘው ማብሪያ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። ኮንትሮለር መግጠም እሱን አይተካም።

መሙላትና መውረድ

መጠኑን የምሞላው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳው ቦታ ላይ ነው፣ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ተሳቢው ተጭኖ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ እየነዳሁ ፔዳል ሳልነካ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ እይዛለሁ። ጎማው ሊቆለፍ ሲል ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ባዶውን ስመለስ እንደገና እቀንሰዋለሁ። ባዶ ተሳቢ ቶሎ ይቆለፋል።

ሐረጎ ላይ የትኛውም ኮንትሮለር ማርሽን አይተካም። ከላይ ሳለሁ ነው ማርሽ የምቀንሰው፣ ቁልቁለቱ መሀል ላይ አይደለም። ፍሬን ስይዝ ጠንከር አድርጌ ይዤ እለቃለሁ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አላሳድረውም።

ኮምቦልቻ ስደርስ ዕቃ ከመውረዱ በፊት አራቱን የተሳቢ ጎማ እዞራለሁ። እጄን ሳልነካ ወደ ጎማው መሀል አስጠጋለሁ። ሙቀቱ ተመሳሳይ ከሆነ ደህና ነው። አንዱ ከቀዘቀዘ ማግኔቱ ወይ ሽቦው ሞቷል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ሸራው አልተመለሰም ማለት ነው፣ ድንኳኑ እየተተከለ እኔ ክሪክ ፍለጋ እሄዳለሁ።