ለጀማሪ ሠራተኛ የጡረታ ቁጠባ፦ በደብረ ብርሃን የሚገኙ አማራጮች ሲመዘኑ

በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ሥራ የጀመረ ወጣት ለጡረታው ገንዘቡን የት ቢያስቀምጥ እንደሚሻል ሲያማክረኝ፣ አስቀድሜ የማሳየው ከደመወዙ ላይ በየወሩ የሚቆረጠውን፣ እሱ ግን እንደ ግብር የሚቆጥረውን የጡረታ መዋጮ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍልለታል፤ በ7 ብር ላይ 11 ብር የሚታከልበት ሌላ ቁጠባ በከተማችን አላውቅም። በ25 ዓመቱ ተቀጥሮ እስከ 60 ዓመቱ ሳያቋርጥ ያገለገለ ሰው፣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ደግሞ 1.25 በመቶ እየታሰበለት፣ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 61.25 በመቶውን ዕድሜ ልኩን ያገኛል። ትልቁ ጥንካሬው ስሌቱ በመጨረሻው ደመወዝ ላይ መመሥረቱ ነው፤ ዛሬ የተዋጣው ብር የመግዛት አቅሙ ቢወርድም፣ አበሉ የሚለካው ሠራተኛው ሥራ ሲያቆም በነበረው ደመወዝ ነውና። ድክመቱ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ሠራተኛው የማይመርጥ መሆኑና አሠሪው መዋጮውን ሳያስገባ ቢቀር ጉዳቱ ዘግይቶ መታወቁ ነው። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይያዝ፤ ሥራ ሲቀይርም የአገልግሎት ማስረጃውን ሳይቀበል አይውጣ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ማስረጃ ፍለጋ የሚንከራተቱ አዛውንቶችን ስለማውቅ ነው።

ከዚህ ለሚተርፈው ገንዘብ ብዙዎች የሚመርጡት የባንክ የቁጠባ ደብተር ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት አብዛኞቹ ዓመታት የዋጋ ንረቱ ከዚህ በልጦ ስለነበር፣ ደብተሩ ለሕመምና ለድንገተኛ ችግር እንጂ ለሠላሳ ዓመት የሚታመን ማከማቻ አይደለም። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የተሻለ ወለድ ቢያስገኝም፣ ቀኑ ሳይደርስ ገንዘቡ ቢፈለግ ወለዱ ምን እንደሚሆን ሳይጠየቅ መፈረም የለበትም፤ እኔ የሄድኩበት አንድ ቅርንጫፍ ይህን እስክጠይቅ ድረስ አላነሳልኝም።

አክሲዮን ለወጣት ተስማሚ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 የተካሄደው የኢትዮ ቴሌኮም ሽያጭ፣ ሰው ወደ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ በቴሌብር እንዲገዛ ማስቻሉ የሚመሰገን ነበር። ሆኖም የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢም 33 አክሲዮን ስለነበር፣ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 9,900 ብር ለጀማሪ የፋብሪካ ሠራተኛ ከባድ ነው። አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ሥራውን በይፋ የጀመረው በጥር 2017 በመሆኑ ገና ልጅ ነው፤ ገዢ በተፈለገበት ቀን ይገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም። ስለዚህ አክሲዮን የሚገዛው ለቤት ኪራይም ሆነ ለሠርግ በማይፈለግ ገንዘብ ነው፤ እሱም ቢሆን በሙሉ ወደ አንድ ኩባንያ አይግባ።

የሠራተኞች ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ባለበት መሥሪያ ቤት፣ ቁጠባው ገና ደመወዝ እጅ ሳይገባ ስለሚቆረጥ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከመመዝገብ በፊት ግን የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርትና አባል ሲለቅ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስለት የሚናገረውን የመተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ጠይቆ ማንበብ ያስፈልጋል።