በቆሎ በጎተራ ወይስ አየር በማያስገባ ከረጢት?

ወጪ፦
ጎተራ፦ እንጨት፣ ጭቃና ጭድ፤ ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት ይጠይቃል።
ከረጢት፦ ለየኩንታሉ አንድ ይገዛል፤ ካልተቀደደ ለሚቀጥለው ምርትም ያገለግላል።

ነቀዝ፦
ጎተራ፦ አየር ስለሚገባው ነቀዙ እንደልቡ ይራባል፤ ብዙ ሰው መድኃኒት የሚጨምረው ለዚህ ነው።
ከረጢት፦ ውስጡ ሁለት የላስቲክ ሽፋን አለው። በቆሎውን ሞልቶ አየሩን ተጭኖ ማስወጣት፣ የእያንዳንዱን ሽፋን አፍ ለየብቻ ጠምዝዞ፣ አጥፎ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ነቀዙ የቀረውን ኦክስጅን ሲጨርስ መብላትም መራባትም ያቆማል። በየሳምንቱ እየፈቱ መቅዳት ግን ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

እርጥበት፦
ጎተራ፦ በደንብ ያልደረቀውን የተወሰነ ይታገሣል።
ከረጢት፦ ምሕረት የለውም፤ ይሻግታል። ከመሙላት በፊት ጥቂት በቆሎ ከደረቅ ጨው ጋር በደረቅ ጠርሙስ መናጥ ነው፤ ጨው ከጠርሙሱ ጎን ከተጣበቀ በቆሎው ገና አልደረቀምና ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

አይጥ ሁለቱንም ትደፍራለች። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ከረጢቱም ከግድግዳ ርቆ ርብራብ ላይ ይቀመጥ፤ አንዲት ቀዳዳ ትበቃዋለች።

ሳይፈለፈል ለሚቀመጥና በየጊዜው ለሚቀዳ ቀለብ ጎተራ ይመቻል። ለዘር፣ ወይም ዋጋ እስኪወጣ እስከ ክረምት ለሚቆይ ግን ከረጢቱ።