ፕሪሚቲቮ ወይስ አልያኒኮ? ሁለት የደቡብ ጣልያን ቀይ ወይኖች

ሁለቱም ከደቡብ ጣልያን የሚመጡ ደማቅ ቀይ ወይኖች ናቸው። ሱቅ ውስጥም ብዙ ጊዜ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የምታገኟቸው። ሲቀመሱ ግን ጨርሶ አይገናኙም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የምትበሉትን አስቡ።

ፕሪሚቲቮ ፑልያ የተባለው ክፍለ ሀገር ወይን ነው። ፀሐይ የበዛበት ሜዳ ላይ ይበቅላል፤ ስመ ጥሩው ከማንዱርያ ከተማ አካባቢ የሚመጣው ነው። ፍሬው ቶሎ ይበስላል፤ ነሐሴ ላይ መልቀም ይጀመራል። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ አልኮሉም ከፍ ይላል፤ ጠርሙሱ ላይ 14 ወይም 15 በመቶ ብታዩ አይግረማችሁ። የበሰለ ፕሪምና ጥቁር እንጆሪ ይሸታል፤ ለስላሳ ነው፤ መጨረሻው ላይም ጣፈጥ ይላል። አሜሪካ ሆናችሁ ቀዩን ዚንፋንዴል የምትወዱ ከሆነ፣ ይሄንንም ትወዱታላችሁ። የዲኤንኤ ምርመራ እንዳረጋገጠው ሁለቱ አንድ የወይን ዝርያ ናቸው።

አልያኒኮ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ከኔፕልስ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባሉት የታውራዚ ኮረብታዎችና በባዚሊካታ ክፍለ ሀገር፣ እሳቱ በጠፋው የቩልቱሬ እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ቦታው ከፍታ ስላለው ቀዝቀዝ ይላል፤ ለቀማው እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ አንዳንዴም ኅዳር ድረስ ይዘገያል። ኮምጠጥ ይላል፤ ታኒኑም፣ ማለትም አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር፣ ኃይለኛ ነው። በታውራዚ ስም የሚሸጠው አልያኒኮ ቢያንስ 3 ዓመት ሳይቆይ ለገበያ አይወጣም፤ ሪዜርቫ የተባለው ደግሞ 4 ዓመት ይጠብቃል።

ወጣት አልያኒኮ ያለምግብ ብትጎነጩ ድዳችሁን ጨምድዶ ይይዛል፤ ምላስ ይደርቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። ያሳዝነኛል! ጮማ ያለው የበግ ጥብስ ጉረሱና እንደገና ቅመሱት። የሥጋው ፕሮቲንና ስብ ታኒኑን ያለዝበዋል፤ ኮምጣጣነቱ ቅባቱን ከአፍ ያጥባል፤ ተደብቆ የነበረው የቼሪና የጭስ ጣዕም ያኔ ብቅ ይላል። ከቆየ ካቾካቫሎ አይብ ጋርም እንዲሁ ነው። ለእኔ ከደቡብ ጣልያን ወይኖች የሚበልጠው ይሄ ነው። ብቻ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ሰፊ አፍ ባለው ማንቆርቆሪያ ገልብጡት፤ ቡሹን መንቀል ብቻውን አይበቃም።

ፕሪሚቲቮ ይሄን ሁሉ አይጠይቅም። በሥጋ ሱጎ የተሠራ ኦረኪዬቴ ፓስታ ወይም በአይብና በቲማቲም የተጋገረ ባዶንጃን ካለ፣ ከፍታችሁ መቅዳት ነው። እንግዶቻችሁ ወይን ብዙም የማይለምዱ ከሆነ ያለጥርጥር ይሄን ግዙ።

በርበሬ የበዛበት ወጥ ከቀረበ ግን አልያኒኮን ተዉት። ታኒን የበርበሬን ማቃጠል ያባብሰዋል፤ ብዙ አልኮልም እንደዚያው። የግድ ከሁለቱ አንዱ ይሁን ካላችሁ፣ አልኮሉ ዝቅ ያለ ፕሪሚቲቮ ምረጡና ከመጠጣታችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ አቆዩት።

ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። የማንዱርያ ፕሪሚቲቮ ሆኖ «ዶልቼ ናቱራሌ» የሚል ካለበት፣ ያ ጣፋጭ ወይን ነው። ከጥብስ ጋር አይሄድም፤ ከራት በኋላ ከለውዝ ብስኩት ጋር ነው የሚቀርበው።