ዝናብ የማይፈራ የኪስ ደብተር፣ በተለይ ለሌሊት ሺፍት ሴኩሪቲዎች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ ያውም የሌሊት ሺፍት። እዚህ አካባቢ ይህን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ያገኘሁትን ጥሩ ነገር ለብቻዬ ልይዘው አልፈለግኩም። ነገሩ ደብተር ነው። ራይት ኢን ዘ ሬይን ይባላል። የእኔ 3 በ5 ኢንች የሆነው፣ ወደ ላይ የሚገለጠው፣ ሸሚዝ ኪስ የሚገባው ነው።

ወደዚህ ደብተር ያመጣኝን ልንገራችሁ። ካቻምና ኅዳር ላይ፣ ዶፍ እየወረደ፣ አንድ መኪና ፓርኪንግ ውስጥ የቆመ መኪና ገጭቶ ሲያመልጥ ዐይኔ እያየ ነበር። ታርጋውን ከሱቅ በገዛሁት ተራ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ቢሮ ገብቼ ስከፍተው ገጹ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። ከታርጋው የሚነበበው ግማሹ ብቻ ነው። መኪናዋ የተመታባት ተማሪ ጠዋት መጥታ «አይተኸዋል፣ ጽፈኸዋል፣ ታዲያ የት አለ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። የኢንሹራንሱን ጣጣ ብቻዋን ተሸከመች። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

አብሮኝ የሚሠራ ጋሼ እያልኩ የምጠራው ትልቅ ሰው አለ። በማግስቱ ከሎከሩ አንድ አዲስ ደብተር አውጥቶ ሰጠኝና «በጄል እስክሪብቶ እንዳትጽፍበት፣ እርሳስ ያዝ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልገዛሁም።

ኩባንያው ዋሽንግተን ስቴት፣ ታኮማ ከተማ ነው ያለው። በአውሮፓውያን 1916 ሲጀመር ወረቀቱ የታሰበው በዚያ ዝናባማ አገር ጫካ ውስጥ ለሚውሉ እንጨት ቆራጮች ነበር። ውሃ አይጠጣም። ቧንቧ ሥር ይዤ ሞክሬዋለሁ፣ ጠብታው ኮባ ቅጠል ላይ እንዳረፈ ውሃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ወረቀቱ እርጥብ እያለም እርሳስ ይጽፍበታል።

ይሄ ሁሉ ለደብተር ነው ወይ የሚለኝ ይኖራል። ሪፖርት የምንጽፈው ሺፍት ሲያልቅ፣ ዐይናችን ሊከደን ሲል ነው። ቦታው ላይ ያልተጻፈ ነገር ያን ጊዜ ከጭንቅላት ሲወጣ ግማሹ ግምት ነው። የኛ ሰው ደግሞ ሰዓት ላይ በጣም ይጠንቀቅ። በውስጣችን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን 0300 መሆን አለበት። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን 9 ብዬ ጽፌ ሱፐርቫይዘሬ የጠዋቱን 9 ሰዓት ቪዲዮ ሲያገላብጥ ቆየ። አሁን ከቦታው ሳልንቀሳቀስ የስልኬን ሰዓት አይቼ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የምጽፈው። «ሰክሮ ነበር» ብዬም አልጽፍም። ዐይኑ ቀልቷል፣ አፉ ቢራ ቢራ ይሸታል፣ ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው፣ «ተወኝ» አለኝ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ። የሰው ወሬ ከሆነም ማን እንደነገረኝ አብሬ አሰፍራለሁ።

እዚህ አገር ኮሌጆች የክሌሪ ሕግ የሚባል አለባቸው። ጂን ክሌሪ የ19 ዓመት ተማሪ ነበረች። በ1986 ፔንስልቬኒያ ውስጥ ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶርሟ ውስጥ ተገደለች። ገዳዩ የገባው እንዳይዘጉ ነገር በተደረገባቸው በሮች አልፎ ነው። ወላጆቿ ታግለው ሕጉ በ1990 ወጣ። የራሱ ፖሊስ ወይም ሴኩሪቲ ክፍል ያለው ኮሌጅ የደረሰውን ወንጀል በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት፣ የቅርቡ 60 ቀን መዝገብም ለጠየቀ ሁሉ ክፍት ነው። እና ያ መዝገብ የሚጀምረው ከእኛ ኪስ ነው። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ በድንጋይ ተደግፎ የተከፈተ የዶርም በር ሳይ ገፍቼ ዘግቼ ብቻ አላልፍም። የበሩን ቁጥር፣ ሰዓቱንና ምን እንደተደገፈበት እጽፋለሁ። አንድ በር በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተከፍቶ አግኝቼ ሦስቱንም ስለጻፍኩ ነው ቁልፉ የተቀየረው።

ጉድለቱንም ልንገር። ከተራ ደብተር በጣም ይወደዳል። ቅጠሉ 50 ብቻ ስለሆነ ሥራ የሚበዛበት ሰው ቶሎ ይጨርሰዋል። ጄል እስክሪብቶ ጨርሶ አይሆንለትም፤ ተራው እስክሪብቶ በደረቅ ቀን ይጽፋል፣ ግን እጅ ቶሎ ካረፈበት ይዝረከረካል። ኩባንያው የራሱ እስክሪብቶ አለው፣ እኔ ግን እርሳስ ይበቃኛል። ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ለሚቀመጥ ሰው አያስፈልገውም፣ ገንዘቡን አያውጣ።

የምትገዙ ከሆነ ሁለት ሁለት ግዙ፣ አንዱ ጃኬት ውስጥ ይቀመጥ። ያለቀውን አትጣሉት፣ የት እንደሚቀመጥ ሱፐርቫይዘራችሁን ጠይቁ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከሄደ ማስታወሻችሁ ሊጠየቅ ይችላል፣ ስለዚህ የገበያ ዝርዝርና የራሳችሁን ስልክ ቁጥር ሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ።