መብራት እስኪመጣ ቁጭ ብሎ ለጠበቀው ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ወገኖቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ኤሌክትሪሻን ነው። ስሙን አላወጣውም፣ አታውጪው ብሎኛል። ጀሞ አካባቢ ጠበብ ያለች ሱቅ አለችው፣ ቤት ለቤትም ይሰራል። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ስጫቸው ብሎ ፈቅዶልኛል። ይሄን ከፊት ያስቀደምኩት እስከ መጨረሻው የማታነቡ እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው። የቸኮላችሁ ጥቆማውን ይዛችሁ ሂዱ። ጊዜ ያላችሁ ግን ቁጭ በሉ፣ ብዙ የማወራው አለኝ።

ነገሩ የመጣው በእማዬ ነው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ቀን ቀን ብቻዋን ናት፣ እኔ ከስራ የምገባው አምሽቼ ነው። ከዓመታት በፊት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በጉልበት መጣና ቴሌቪዥናችንን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ መብራት በጠፋ ቁጥር ተነስታ ሁሉንም ከሶኬት ካልነቀለች አይሆንላትም። ሶኬቱ ደግሞ ያለው ቡፌው ጀርባ ነው። በጨለማ፣ በዚያ ጉልበቷ፣ ጎንበስ ብላ። ተይ ብላት አትሰማም። "ሌላ ቴሌቪዥን የሚገዛልኝ ማነው?" ነው መልሷ። ባለፈው ክረምት የፈራሁት ደረሰ፣ ልትነቅል ስትል ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፣ ተመስገን። እጇ ግን አብጦ ሰነበተ።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ይሄን ስትሰማ አለቀሰች፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ስማርት ዲቫይደር ላከችልን። ለማታውቁት፣ ያው የለመድነው ባለ ብዙ ሶኬት ማከፋፈያ ነው። ልዩነቱ እያንዳንዱ ሶኬት ለብቻው ከስልክ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሰዓትም ይሞላለታል። እማዬ ከወንበሯ ሳትነሳ ሁሉንም ታጠፋለች ማለት ነው። ደስ አለን።

ደስታችን ግን አልቆየም። ፕለጉ የአሜሪካ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ የኛ ግድግዳ ላይ አይገባም። አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ሱቅ ይዤው ሄድኩ፣ የት እንደሆነ አልናገርም። ሰውዬው ዕቃውን ገልበጥ አድርጎ እንኳን ሳያይ "ይሰራል፣ ምንም አይልም፣ አዳፕተር ብቻ ነው የሚፈልገው" አለኝና አዳፕተር ሸጠልኝ። እዚያው ሊያሳየኝ ሰካው። ቷ! አለ። ጭስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ አለቀ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220 ነው፣ አዳፕተር የፕለጉን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፣ ይሄን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ዕቃው ጀርባ ላይ ግን ተጽፏል! ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እህት፣ ይሄ ዕቃ ድሮውንም ችግር ነበረበት።" የአዳፕተሩን ብር እንኳን አልመለሰልኝም።

ሌላ ቦታ ሄጄ 220 የሚሰራበት ገዛሁ። ውድ ነው። ቤት ወስጄ ከስልኬ ጋር ላገናኘው ብል እምቢ አለ። ይፈልጋል፣ ይፈልጋል፣ ይዞራል፣ አልተገኘም ይላል። ሻጩ ጋ ስመለስ ዕቃውን አልነካውም፣ "ዋይፋያችሁ ነው፣ ራውተር ልሽጥልሽ" አለኝ። ከዛ ደግሞ ሰው ጠቁሞኝ አንድ ኤሌክትሪሻን ቀጠርኩ፣ ቀብድ ጠየቀ፣ በቴሌብር ላኩለት። ከዚያ "መንገድ ላይ ነኝ" ነው። ከሰዓትም መንገድ ላይ ነው። በነጋታውም መንገድ ላይ ነው። ከጅማ በእግሩ ተነስቶ ቢሆን ይደርስ ነበር። በኋላ ስልኩንም ማንሳት ተወ። እናቴ ወድቃ ነው እያልኩት! በቃ ሰው የሚባል የለም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ዕቃው ካርቶኑ ውስጥ ተቀመጠ፣ እማዬም ቡፌው ጀርባ መጎንበሷን ቀጠለች።

ይሄን ልጅ የጠቆመችኝ የዕድራችን ሴት ናት። ስደውልለት ቀብድ አልጠየቀም። "ዕቃው ጀርባ ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ" ብቻ አለኝ። የሚገርማችሁ፣ እስከዚያ ድረስ ጀርባውን ላንብበው ያለ ሰው አልነበረም።

መጣ፣ ባለው ሰዓት። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። እንደገባ እማዬን "ማዘር፣ የት ነው የሚቀመጡት? መብራት ሲጠፋ በየት በኩል ነው የሚነሱት?" ብሎ ጠየቃት። እሷም አሳየችው። ቡፌውን ስበን ስናየው የግድግዳው ሶኬት ዙሪያው ቢጫ ሆኖ ቀልጧል። እኛ አላየነውም። ልጁ በጣቱ ነካ አደረገውና "ይሄ ሳይቀየር እኔ ምንም አልሰካም" አለ። ቀየረው። ኧርዝ አለው የለውም ብሎም በሆነ መሳሪያ ለካ፣ ገመድ ፈታ፣ አሰረ፣ እሱን አትጠይቁኝ አላውቀውም። ዲቫይደሩን ወለል ላይ አልተወውም። እማዬ ወንበር አጠገብ ግድግዳው ላይ እጇ በሚደርስበት ከፍታ አሰረው። ስልክ ባትይዝም ቁልፉን በጣቷ እንድትጫን ነው። በየሶኬቱ ላይ በትልልቁ "ቲቪ"፣ "መብራት"፣ "ስልክ" ብሎ ለጠፈበት፣ መነጽሯን ሳታደርግ እንድታነበው።

ዋይፋዩን ደግሞ አየው። ዲቫይደሩ የሚያውቀው 2.4 የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው አለ፣ ስልኬ ያለው 5 የሚባለው ላይ ነው፣ ለዚህ ነው የማይተዋወቁት። ራውተሩ ላይ አንድ ነገር ነካካ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተገናኘ። ያ ሁሉ እንግልት ለዚህ! "ዕቃሽ ደህና ነው፣ ሌላ አትግዢ፣ ራውተርም አትቀይሪ" አለኝ። ልብ በሉ፣ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ እኔም በዚያ ድካሜ እገዛው ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው ዋናው። ሊጨርስ ሲል መብራቱ ድርግም አለ። እማዬ ወዲያው ልትነሳ ወንበሯን ያዘች፣ ልትነቅል ነዋ! "ማዘር ቁጭ ይበሉ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይነሱም" አላት። እኔ ሂሳቡን ልሰጠው ቦርሳዬን ከፈትኩ። መሽቷል፣ ታክሲ ያጣል ብዬ ተጨንቄያለሁ፣ ስራውም አልቋል። "አላለቀም" አለ። "ይሄን ያስገጠማችሁት መብራት ሲመጣ ለሚሆነው ነገር አይደል? ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሳላይ ጨረስኩ ብዬ ብር ብቀበል ልክ አይሆንም።" መቼ እንደሚመጣ ማን ያውቃል ብለው፣ "እሱን እኔም አላውቅም" አለና ቁጭ አለ።

ቁጭ አለ እኮ። ሻማ አበራን። እማዬ ሰው ተቀምጦ ዝም ማለት አትችልም፣ ከሰሉ ይቀጣጠል፣ ቡና ይቆላ አለች። አገርህ የት ነው ስትለው ኮምቦልቻ። እሷ የሐይቅ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ እኔ እንደ ሌለሁ ነው የተቆጠርኩት። ስለ ሐይቅ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ ማንን ታውቃለህ የማን ልጅ ነህ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እማዬ እንደዚያ ስትጫወት አላየኋትም። ሽሮ ቀረበ፣ በላ። አቦሉ ወረደ፣ ቶናው ወረደ፣ ልጁ ሰዓቱን አላየም፣ ስልኩን አልነካካም።

በረካው ላይ ነው የመጣው። የጎረቤት ልጆች ሲጮሁ ሰማን፣ ኮርኒሱ ላይ ያለው አምፖል በራ። ሁላችንም ዲቫይደሩን አየን። ዝም ብሏል፣ አንዱም ሶኬት አልበራም፣ ቴሌቪዥኑም ጥቁር ነው። እኔ ደንግጬ ተበላሸ ልል ነበር። ልጁ ሳቅ አለና "እንዲህ እንዲሆን ነው ያዘዝኩት" አለ። ለካ ዕቃው መብራት ሲመለስ እንዲበራ፣ ጠፍቶ እንዲቆይ ወይ እንደነበረበት እንዲሆን አፑ ላይ ይመረጣል። የኛን ጠፍቶ እንዲቆይ ነው ያደረገው። መብራቱ በጉልበት ሲመጣ ቴሌቪዥኑን አያገኘውም። "ማዘር፣ ትንሽ ይታገሱ፣ ይረጋጋ። አሁን ቲቪ የሚለውን ይጫኑ።" ተጫነች። በራ። አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑን አየች፣ አንድ ጊዜ እሱን። ከዚያ ምርቃቱ ወረደ፣ "እጅህ ይባረክ፣ የነካኸው ይለምልም፣ ፈጣሪ እንዳሳረፍከኝ ያሳርፍህ።" ልጁ አንገቱን ደፍቶ አሜን አሜን ይላል። ለጠበቀበት ልጨምርለት ብል "ሽሮ በልቻለሁ" ብሎ እምቢ አለ። የተቀበለኝ ብር፣ ሶኬቱን ጨምሮ፣ ያ መንገድ ላይ የቀረው ሰውዬ ከበላው ቀብድ ያነሰ ነው።

የማይዋሽ ሰው መሆኑን ደግሞ እንዲህ እወቁት። ቢላችን ይቀንስ ይሆን ብዬ ጠይቄው ነበር፣ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ ሲጨምር ሁላችንም እያየን ነው። "በዚህ ብቻ ይወርዳል ብዬ አልዋሽሽም" አለኝ። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ጠፍተውም ትንሽ ትንሽ ይስባሉ፣ እሱን ያስቀራል፣ ቢሉን የሚበላው ግን ምጣዱና ቦይለሩ ነው አለ። ምጣዱን ታዲያ እዚህ ላይ ልሰካው? ስለው ፊቱ ተቀየረ። "10 አምፔር ነው የተጻፈበት። በ220 አባዢው፣ 2 ሺህ 200 ዋት ነው የሚችለው። ምጣድ ከ3 ሺህ ያልፋል። ምጣድ፣ ምድጃ፣ ቦይለር እዚህ ከሰካሽ ለኔ አትደውዪ፣ ለእሳት አደጋ 939 ደውዪ።" ሳቅን፣ እሱ ግን አልሳቀም። ፍሪጁንም ለብቻው በፕሮቴክተር ይሁን አለ። ራውተሩንም እዚህ አትሰኪ አለኝ፣ ራውተሩን በስልክ ካጠፋሽው በምን መልሰሽ ታበሪዋለሽ? እውነቱን ነው። ስማርት ስለተባለ ብቻ ከመብራት ጉልበት ያድናል ማለት እንዳልሆነም ነገረን፣ የኛን የሚያድነው ተዘግቶ ስለሚጠብቅ ነው። ሰዎች ይሄን ሳያውቁ ይገዛሉ፣ ሻጮቹም አይናገሩም፣ ለምን ይናገራሉ?

አሁን ቤታችን ሰላም ነው። የሳሎኑ መብራት ማታ 12 ሰዓት ሲል ራሱ ይበራል (አፑ ላይ 18:00 ብላችሁ ነው የምትሞሉት፣ እንዳትሳሳቱ)፣ እማዬ ጨለማ ውስጥ ቁልፍ ፍለጋ አትነሳም። ልጁ አፑን እህቴ ስልክ ላይም በኔው አካውንት እንዴት እንደምትገባ አሳየን። እሷ ከቨርጂኒያ ሆና ገብታ ካየችው ኦፍላይን ይላታል፣ መብራት እንደሌለን በዚያ ታውቃለች፣ ከእኔ ቀድማ ለእማዬ ትደውላለች። እማዬ ቴሌቪዥን ላይ ካመሸች ደግሞ ከዚያ ሆና ታጠፋባታለች። እማዬ ትናደዳለች፣ "አሜሪካ ተቀምጣ ልታስተኛኝ!" ትላለች፣ ከዚያ ቲቪ የሚለውን ተጭና መልሳ ታበራዋለች። ጦርነት ነው በየምሽቱ።

ወገኖቼ፣ እናት አባት ብቻቸውን የሚውሉባችሁ፣ በተለይ ውጭ አገር ሆናችሁ እዚህ ዕቃ የምትልኩ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ልጅ ጠይቁት። አይታክትም፣ ለጥያቄ ብር አይጠይቅም። ቀብድ የሚበላውን፣ ሳያይ ይሰራል የሚለውን ተዉት፣ ይሄን ልጅ ያዙ። ደግሜ እላለሁ፣ ይሄን ልጅ ያዙ። እንዲህ ያለ ሰው ስራ አጥቶ ሱቁን ቢዘጋ የምንጎዳው እኛ ነን። ዋጋውን አትከራከሩት፣ ድሮም አያበዛም።

ስልኩን በውስጥ እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ የዕቃውን ጀርባ ፎቶ አዘጋጁ፣ ስንት ቮልት ስንት አምፔር የሚለው በደንብ ይታይ። ዓርብ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አትደውሉለት፣ ጁምዓ ነው፣ አያነሳም።