ያለ መኪና ወደ ዘርማት፦ የባቡሩና የኬብል መኪናው አገልግሎት

የስዊዘርላንዷ የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ዘርማት የግል መኪና ስለማታስገባ፣ መኪናችንን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ በምትገኘው ቴሽ አቁመን፣ በ12 ደቂቃ በሚያደርሰው ባቡር ገባን፤ ወለሉ ከመድረኩ ጋር እኩል ስለሆነ ሻንጣ የጫነ ጋሪ ሳይነሳ እየተገፋ ይገባል። ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ የሚሠራው ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር እስከ 3,089 ሜትር ወደ ጎርነርግራት ተራራ ይወጣል። ለጀማሪ ከሁሉ የምመርጠው እርሱን ነው፤ በከባዱ የበረዶ ጫማ ብዙ ሳይራመዱ ይሳፈሩበታል፣ በቀኝ በኩል ለተቀመጠም ማተርሆርን ተራራ ከመስኮቱ አይጠፋም። ወደ 3,883 ሜትር የሚያደርሰው የኬብል መኪና መነሻ ግን በመንደሩ ሌላ ጫፍ ስለሚገኝ፣ ስኪ ተሸክሞ ከመድከም በኤሌክትሪክ አውቶቡስ መሄድ ይሻላል። ነፋስ ሲበረታ ከፍተኞቹ መስመሮች ስለሚቆሙ፣ የጠዋቱን ማስታወቂያ ሳያዩ አይነሱ።