ለኤምጂቢ ባለቤቶች፦ ዕቃ ከማስቀየራቸው በፊት የሚለኩ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ

ለንደን ውስጥ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ መኪኖችን ኤሌክትሪክ ለሚሠሩ አንድ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ አላወጣም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። ለምን እንደማምናቸው ግን በዝርዝር ልጻፍ፤ ኤምጂቢ የምትባለው የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ስፖርት መኪና ወይም የዚያ ዘመን ሌላ ስፖርት መኪና ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

መኪናዋ የ1971 (እ.ኤ.አ.) ኤምጂቢ ስትሆን ችግሯ ሦስት የተለያየ ነገር ይመስል ነበር። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እየደከመ ያዞራል፤ ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው መብራት ያቆማል፤ ታንከሩ ግማሽ ሆኖ የነዳጅ ጌጁ ሙሉ ያሳያል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ «ዲናሞ ቀይር፣ ሞተሪኖ ቀይር» ነው። ጋሼ ግን አንድም ዕቃ ሳያዙ ቮልት መለኪያቸውን አወጡ።

ከባትሪ ጀመሩ። የዚህ ዓመት ኤምጂቢ ከወንበሮቹ በስተኋላ በተከታታይ የተያያዙ ሁለት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች አሏት። ድምሩ 12.6 ቮልት ስለሆነ ብቻ አላለፉትም፤ ሞተሪኖው እየዞረ እያንዳንዱን ለየብቻ ለኩ። አንዱ ደክሞ ከሆነ የሚጋለጠው ጭነት ሲመጣበት ነውና።

ቀጥሎ የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ቁልፍ አስዞሩ። ከ0.5 ቮልት በታች መሆን የነበረበት ከ1 ቮልት በላይ አነበበ። ችግሩ ማሳው፣ ማለትም ኮረንቲው በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። ሞተሩ በጎማ መደገፊያ ላይ ስለተቀመጠ ኮረንቲውን ወደ ቦዲ የሚመልሰው አንድ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ነው። በኤምጂቢ ፍሪሲዮን ለመቀየር ሞተሩ መውጣት አለበት፤ ያኔ ይህ ገመድ ይፈታና ሳይታሰር ይቀራል። ከ100 አምፒር የሚበልጠው የሞተሪኖ ኮረንቲ ደግሞ መንገድ ሲያጣ በቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር ለማስነሳት በሚሳበው እጀታ) እና በነዳጅ መስጫ ሽቦ በኩል ይመለሳል፤ ሽቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል፣ ቾኩ ይይዛል። ሞተር ስታስነሱ የቾኩ እጀታ የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። አዲስ ገመድ፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ ተፍቆ ሲታሰር ሞተሪኖው ዳነ።

ለፍሬቻው የሽቦ ቀለም ማወቅ ያስፈልጋል። ቡናማ ሁልጊዜ ኮረንቲ ያለበትና ፊውዝ የሌለው ነው፤ ሐምራዊ ሁልጊዜ ያለበት ግን በፊውዝ ያለፈ፤ ነጭ ቁልፍ ሲከፈት የሚመጣ፤ አረንጓዴ ያው ነጩ ፊውዝ ካለፈ በኋላ፤ ጥቁር ማሳ። ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራትና የነዳጅ ጌጅ ሁሉም ከአረንጓዴው ይመገባሉ። ጋሼ ፍሬን አስረግጠው በፊውዙ ሁለት ጫፍ ሲለኩ በነጩ በኩል 12.1፣ በአረንጓዴው በኩል 10.6 ቮልት ሆነ። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ የያዘው መቆንጠጫና ከጀርባው ያለው ሪቬት ዝጓል። በዓይን ብቻ ያየ ሰው «ፊውዙ ደህና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሪቬቱ ከዛገ ፊት ለፊቱን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ስለማይበቃ ሳጥኑን ቀየሩት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አላቸው። በዚህ ሳጥን የሚገባው የእንግሊዝ ፊውዝ «35» ቢልም የሚቃጠልበት መጠን ነው፤ ሳይቋረጥ የሚሸከመው 17 አምፒር ነው። በሌላ አሠራር 35 አምፒር ሳይቋረጥ የሚሸከም ፊውዝ ከገባ ግን ከፊውዙ ቀድሞ ሽቦው ይቃጠላል።

ጌጁ የሚመገበው ቮልቱን ወደ 10 በሚያወርድ ትንሽ ዕቃ በኩል ነው። የዚህ ዕቃ ማሳ ሲጠፋ የባትሪው ሙሉ ቮልት ያልፋል፤ ጌጁም ከፍ አድርጎ ይዋሻል። የተበላሸ አልነበረም፤ ብሎኑን አጽድተው አጠበቁት። ዲናሞውም ሞተሩ በ2000 ዙር 14.2 ቮልት ስለሰጠ አልነኩትም። ያልተበላሸ ዕቃ አለመቀየራቸው ትልቁ ውለታ ነው።

በራዲያተሩ አጠገብና በኋላ ኮፈን ውስጥ ያሉትን የጥይት ቅርጽ ማገናኛዎች አንድ በአንድ ነቅለው፣ የላሉትን ጎማ ለበስ እጅጌዎች በአዲስ ተክተው ግሪስ ቀቡ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ የእነዚህ መኪኖች የመብራት ችግር ግን በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክልን፤ እግዜር ይስጥልን።

ለሚደውሉላቸው፦ የመኪናዋን ዓመት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እስከ 1967 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የተሠሩት ኤምጂቢዎች ማሳቸው ፖዘቲቭ ነው፤ ኋላ ሰው ለውጦት ሊሆን ስለሚችል የትኛው የባትሪ ጫፍ ቦዲ ላይ እንደታሰረ አይታችሁ ደውሉ። እሳቸው ሳያዩትም ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር አታገናኙ።